እትዬ መቀስ እና የሳሎኑ ፎቶ

በየቤተሰቡ አንድ ቂመኛ አክስት አለች። በኛ ቤት የለችም የሚል ሰው ካለ ዘመዶቹን በደንብ አልቆጠረም፤ ወይም አክስቲቱ ተቀይማው ስልክ አታነሳለትም። ሌሎች አክስቶች ሲቀየሙ ያኮርፋሉ፣ ሰላም ሲባሉ ወደ መስኮት ያያሉ፣ ከዚያ ይረሱታል። የዚህ ታሪክ አክስት ክብርት እቴቴን ከሌሎቹ የሚለያቸው ግን ጡረታ ከወጡ በኋላ የፎቶ ቅንብር መማራቸው ነው።

ከመቀጠላችን በፊት፣ እዚህ አንቱ የምንለው እሳቸውን ብቻ ነው። ሌላው ዘመድ ቅር ቢለው ይቻላል። እሳቸውን ቅር ሲላቸው ምን እንደሚከተል ደግሞ አሁን እናያለን።

ክብርት እቴቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ስልክ ቤት መስመር ሲያገናኙና ሲያቋርጡ ነው። ጡረታ ወጥተው ገና ሳይሰነብቱ የወንድማቸው ልጅ የምታስተምርበት ማሠልጠኛ ሄደው ተመዘገቡ። ልጅቷ ለወጣቶች የምታስተምረው ሰውን ከአንዱ ፎቶ ቆርጦ ሌላው ላይ ማስገባት፣ ደመናማውን ሰማይ ማጥራት፣ ድመትን ጨረቃ ላይ ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስትገባ አክስቷ ከፊት ወንበር ላይ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንጠልጥለው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል።

"እቴቴ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አለች ጎንበስ ብላ።

"ክፍል ውስጥ አንቺ አይባልም። ተማሪ ነኝ፤ ተማሪ ይከበራል።"

"እሺ፣ እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

"እንዲህ ነው እንጂ! በይ አንቺ ልጅ፣ ጀምሪ፤ ሰዓቱን አታባክኚው።"

ከዚያ ወዲያ መምህርቷ ክፍል ውስጥ እርስዎ፣ ቤት ስትሄድ አንቺ እያለች ምላሷ ተወላግዶ ቀረ።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ፈጠራ የታከለበት ፎቶ መሥራት ነበር። አንዱ ተማሪ ታናሽ ወንድሙን ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ሲያዋኝ፣ ሌላዋ አውቶቡስ በጣሪያ ላይ አበረረች። ክብርት እቴቴ ያመጡት ሳሎናቸው ውስጥ የተሰቀለውን የቤተሰብ ፎቶ ነው። አሮጊት እናታቸው መሐል ወንበር ላይ፣ እሳቸው አጠገባቸው፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፤ መምህርቷም አለችበት። ከመምህርቷ ጎን ግን ሰው በሚቆምበት ቦታ አንድ ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ቆሟል።

"እዚህ ጋ የነበረው ሰውዬ የት ሄደ?" አለች።

"ማን ነበር? እኔ እንጃ።"

"አባቴ ነዋ!"

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ።"

"ተጣልታችሁ ነው አይደል?"

"እኔ? እኔ ቂም አልይዝም! ለፎቶው ውበት ብዬ ነው።"

ነገሩ ወዲህ ነው። ክብርት እቴቴ ኮምፒውተር ልማር ነው ሲሉ፣ ታናሽ ወንድማቸው፣ የመምህርቷ አባት ማለት ነው፣ ዘመድ በተሰበሰበበት "ማውስ ማለት እኮ አይጥ ነው፤ ስታዪው ጮኸሽ ወንበር ላይ እንዳትወጪ!" ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። ክብርት እቴቴ አልሳቁም። ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። አባትየውም ከዚያ ወዲህ እግሩ ቤታቸውን አልረገጠም።

ይሁን እንጂ ወንድማቸውን ከፎቶው ያወጡበት አሠራር የጀማሪ ነበር፤ ሰውየው ሄዶ እጁ የልጁ ትከሻ ላይ ቀርቷል። መምህርቷ ሙያ ሙያ ነው ብላ ማርክ ቀነሰችባቸው። በሳምንቱ ቤታቸው ስትሄድ ሳሎኑ ውስጥ አዲስ የታተመ ፎቶ ተሰቅሏል። እሷም የለችም። የአባቷ እጅ ብቻውን አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

"እቴቴ፣ ይሄ እጅ የማን ነው?"

"የማንም አይደለም። ጌጥ ነው።"

ከዚያማ ማን ያቁማቸው! ጉንፋን ይዟቸው ሳይጠይቃቸው የቀረው አጎት ኋላ ተወስዶ ግማሽ ፊቱ በመጋረጃ ተሸፈነ። "ወፈር ብለሻል ልበል?" ያለቻቸው የእህታቸው ልጅ በማግስቱ ሁለት ሰው የሚያህል ወገብ ተሰጣት። በየቀኑ እየደወለ "እንዴት አደርሽ?" የሚላቸው ራሰ በራ አማች ደግሞ እንደ ሐር የሚያበራ ፀጉር ተለገሰው፤ እሱም ሳያፍር ፎቶውን ስልኩ ላይ አደረገው። ዘመድ ሁሉ በር ላይ ጫማውን እየጠረገ "ዛሬ አለሁ?" ብሎ ሳይጠይቅ መግባት ተወ።

ተማሪዎቹ "እትዬ መቀስ" የሚል ስም አወጡላቸው፤ በፍቅር ነው ታዲያ። የልብ ጉዳይም ወደሳቸው ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ዓይኗ ቀልቶ፣ ጓደኛዬን ከልደት ፎቶዬ ላይ ማውጣት እፈልጋለሁ አለቻቸው።

"መቼ ተጣላችሁ?"

"ትናንት።"

"በይ ለብቻዋ ቁረጫትና በራሷ ሌየር ላይ አስቀምጫት፤ ፎቶው ላይ እንደሚነጠፍ ስስ ወረቀት ነው። ከዚያ ደብቂያት እንጂ እንዳታጠፊያት። ስትታረቁ መልሰሽ ትከፍቺዋለሽ።"

መምህርቷ ይህን ከሰሌዳው ጋ ሆና ሰማችና አክስቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው። እሳቸው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ተማሪዎቹ ሥራቸውን ለቤተሰብ የሚያሳዩበት ቀን ተቆረጠ። የመምህርቷ ሕግ አንድ ነበር፦ የተነካ ፎቶ መነካቱ ይነገራል፤ እያንዳንዱ ሰው ምን እንደለወጠ በራሱ አፍ ይናገራል። አባቷን ለማንም ሳትናገር ጠራችው። ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኩን እያነሳ፣ የእህቱን ቁጥር እያየ፣ መልሶ እንደሚያስቀምጥ ታውቃለች።

መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ። "ልይ ብዬ ነው። አሁንም የአበባ ማስቀመጫ ከሆንኩ ወጥቼ እሄዳለሁ" አላት።

የክብርት እቴቴ ተራ ደረሰና ፎቷቸው ግድግዳው ላይ በራ። ያው የቤተሰብ ፎቶ ነው። አባትየው ቦታው ላይ ቆሟል፣ እጁም የልጁ ትከሻ ላይ ነው፤ ልጅቱም አለች። አጎት ከመጋረጃው ወጥቷል። የእህታቸው ልጅ ወገቧ ተመልሶላታል። አማችየው መላጣ ነው።

መምህርቷ ግራ ገባት። "እዚህ ላይ የለወጡት ምንድን ነው?"

ያን ጊዜ አባቷ ከበሩ ተነስቶ በተማሪዎቹ መሐል እየተጋፋ ግድግዳው ድረስ ሄደ። ከአሮጊቷ ወንበር አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ትኩር ብሎ አየ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ አንዲት ጣት እንኳ አልተረፈችም።

"እቴቴ፣ አንቺ የታለሽ?"

"አወጣኋት።"

"ለምን?"

"ተጣልተናል" አሉ፣ ቦርሳቸውን እቅፍ አድርገው። "ለአንድ ቀልድ ብላ ወንድሟን ከቤት ያስቀረች ሴት ናት። አስቸጋሪ ናት፤ አንተ አታውቃትም።"

"ከተወለድኩ ጀምሮ ነው የማውቃት" አለ ወንድምየው። ወደ ልጁም ዞረ። "እንዴት ነው የምትመለሰው?"

"ሌየሯ ተደብቆ ከሆነ መክፈት ብቻ ነው።"

"አልደበቅኋትም፤ አጠፋኋት" አሉ ክብርት እቴቴ።

ዘመዱን ሁሉ ደብቀው ሲያቆዩ፣ ያጠፉት ራሳቸውን ብቻ ነው። ደግነቱ ለቤት ሥራው ከተነካው ጋር ያስረከቡት ያልተነካው ፎቶ መምህርቷ ጋ ነበር። ከፈተችው። ልትሠራው እጇን ስትሰድ አባቷ ትከሻዋን ይዞ አስነሳትና ራሱ ተቀመጠ።

"አሳዪኝ። እኔ ነኝ የማስገባት።"

ማውስ ነክቶ አያውቅም። ተማሪዎቹ ከበቡት፤ ክብርት እቴቴ ከኋላው ቆሙ።

"ቀስ በል! አፍንጫዬ ነው እኮ!"

"ዝም በይ፣ መስመር ታስቺኛለሽ።"

"ጆሮዬን! ኧረ ጆሮዬን ቆረጥከው!"

ሲጨርስ ክብርት እቴቴ ከሁሉም ሰው ገዝፈው፣ አንድ ጆሯቸው ቀርቶ፣ እናታቸው ላይ ሊወድቁ እንደተቃረቡ ሁሉ ዘመም ብለው ገቡ። አንዱ ተማሪ መቆጣጠር አቅቶት ፈነዳ፤ ክፍሉ ሁሉ ተከተለው። መምህርቷ ትንፋሿን ዋጠች። አባቷም አንገቱን ቀብሮ ማውሱን አቀፈው። ክብርት እቴቴ ፎቶውን አዩ፣ ወንድማቸውን አዩ፣ ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ማርክ ስጪው" አሏት እንባቸውን እየጠረጉ። "ከኔ እንዳታስበልጪው ብቻ።"

አሁን ሳሎኑ ውስጥ የተሰቀለው ያ ፎቶ ነው። መምህርቷ በሄደች ቁጥር ዓይኗ እዚያው ይተከላል፤ የሙያ ነገር ሆኖ አላስችል ይላታል። ባለፈው አባቷ ከጎን ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ፣ ጠጋ ብላ፣

"እቴቴ፣ ጆሮሽን ልመልስልሽ? አፍታም አይፈጅብኝም" አለቻቸው።

"ተይው" አሉ ክብርት እቴቴ፣ ወንድማቸውን በጎን እያዩ። "በሁለቱ ስሰማ ምን እንዳመጣሁ አይተሻል። አንዱ ይበቃኛል።"