እትዬ ፋንታዬ ያሳፈሩት ሰው

ችግርን ከንስሐ አባት መደበቅ ይቻላል፤ ከሚስትም ይቻል ይሆናል፤ ከእትዬ ፋንታዬ ዓይነት ጎረቤት ግን ፈጽሞ አይቻልም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ሰፈር በአገሩ የለም፤ የደባርቋ ክብርት እትዬ ፋንታዬ ግን የሁሉም የበላይ ናቸው። የማን በግ እንደጠፋ፣ የማንን ጥርስ እንደሚያመው ከባለቤቱ ቀድመው ያውቃሉ። ማወቁስ ባልከፋ፤ ያወቁትን ማሳደር አይሆንላቸውም። «የተደበቀ ችግር ይሸታል» ይላሉ።

ክንዴ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጡ ቱሪስቶች ምግብ ያበስል ነበር። መንገዱ ሲከፋ እንግዳው ሳሳ፣ ኋላም ጭራሽ ቀረ። ክንዴ ሥራ መፍታቱን ለማንም ሳይተነፍስ፣ በየማለዳው ጫማውን ወልውሎ ይወጣና መናኸሪያ ሲንጎራደድ ውሎ ይገባል። ቤቱ ከጭብጥ ባቄላ በቀር የሚላስ የሚቀመስ አልነበረም።

አንድ ቀን ቁንጣሪ በርበሬ ሊለምን እትዬ ፋንታዬ ዘንድ ሄደ።

«ቀበቶህን ምነው እንዲህ አጠበቅኸው?» አሉት።

«ፋሽን ነው እትዬ።»

«እህ» ብለው ዝም አሉ። ያቺን ዝምታ ሊፈራት ይገባ ነበር።

በማግስቱ መናኸሪያ ውስጥ፣ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው አውቶቡስ ሞልቶ ሊነሣ ሲል፣ አንድ እጅ የክንዴን እጅጌ ጨመደደው። እትዬ ፋንታዬ ናቸው። ነገሩ ሳይገባው ጎትተው አውቶቡሱ ውስጥ አስገቡት።

«እናንተ የእግዜር ሰዎች!» አሉ፤ ሾፌሩ ሳይቀር ዞረ። «ይህን ልጅ እዩልኝ! ጫማውን ስታዩት ጌታ ይመስላል፤ ሆዱ ግን ባዶ ነው! ሥራ የለው፣ ቤቱን አይጥ እንኳ ጥሎለት ሄዷል!»

ክንዴ ክው አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አንዲት ተሳፋሪ «እኔን!» ብላ የተቀቀለ እንቁላል መዳፉ ላይ አኖረችለት፤ እሱም በድንጋጤ ተቀበለ።

ይግዛው የሚባል የመንገድ ጥገና ኃላፊ ከኋላ ወንበር «ምን ይችላል?» አለ።

«ምን የማይችለው አለ! ፈረንጁን ሁሉ ጣቱን ሲያስቆረጥም የኖረ ወጥ ቤት ነው!»

«ከሊማሊሞ ግርጌ ሠራተኞች አሉኝ፤ የሚያበስልላቸው ሰው ጥሎን ጠፋ። መቼ ይጀምራል?»

«አሁን ነዋ!» ብለው እትዬ ፋንታዬ ዱብ ብለው ወረዱ። በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ክንዴን ቅያሪ ሸሚዝ እንኳ እንዳልያዘ፣ እንቁላል እንደጨበጠ ይዞት ወረደ።

ካምፕ ሲደርስ የሚያውቀውን ሠራ፤ ቀጠን ያለ የአትክልት ሾርባ። አንዱ ሠራተኛ ሳህኑን ዐይቶ «ማን ታሞ ነው?» አለ። ክንዴ እንደገና ደነገጠ። ለእራት ምስር በበርበሬ ሲያንተከትክላቸው ግን ድስቱ ተጠርጎ ተመለሰ። ይግዛውም «በል፣ እኛው ጋ ሰንብት» አለው።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ የጭነት መኪና ካምፑ በር ላይ ቆመ። እትዬ ፋንታዬን የክንዴን ልብስ በጥቅል እንዳቀፉ ሾፌሩ ደግፎ አወረዳቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ዕድሜያቸውን ሙሉ ሊማሊሞን ወርደውት አያውቁም አሉ» አለ ሾፌሩ። «ገደሉን ላለማየት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው፣ ስለ ማርያም ስለ ማርያም ሲሉ ነው የደረስነው። ‹ልጁ ልብስ የለውም› ብለው እንጂ።»

ክንዴ ስለዚያ ቀን ውርደት የሚናገረውን አዘጋጅቶ ሰንብቶ ነበር፤ ሁሉንም ተወው። ጥላ ሥር አስቀምጦ ውኃ ሰጣቸው፤ የምስር ወጡንም ቀድሞ ለእሳቸው አወጣላቸው። እትዬ ፋንታዬ አንዲት ቃል ሳይናገሩ መጉረስ ጀመሩ። እኒያ ሴትዮ ዝም ሲሉ ማየት ከሁሉ ይልቅ አስደነገጠው። «ታመሙብኝ እንዴ?» እያለ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

እሳቸው ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ካምፑ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣

«ጨው አንሶታል!» አሉ።

ክንዴ እፎይ አለ።