ጥቁሩ መኪና ለእማማ ሥጋት የተንበረከከበት ቅዳሜ

ሰፈሩ እማማ ሥጋት የሚላቸው አያት በቤታቸው ላይ በነገሡ በሠላሳ ስምንተኛው ዓመት፣ ግራ ጉልበታቸው በከዳቸው በአምስተኛው፣ የልጅ ልጃቸውም ልጅ በተወለደ በሦስተኛው ወር፣ በዕለተ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጽኑ ነገር በቤቱ ወረደ። ወዝንቱ ውእቱ ነገሩ፦ የልጅ ልጃቸው፣ ልበ ቅኑ፣ የነገሩትን ሁሉ አማኙ፣ አንድ ያገለገለ ቅንጡ መኪና አይቶ ልቡ ሸፍቶ ነበርና፤ ሚስቱንና ሕፃኑንም በዚያ ጭኖ ወደ አማቶቹ አገር የሚወስደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሊወርድ ቆርጦ ነበርና።

እማማ ሥጋትም፣ ሳይዘንብ ጃንጥላ ዘርጊዋ፣ የተቆለፈ በር ሦስቴ ገፍታሪዋ፣ ያስነጠሰውን ሁሉ ሐኪም ቤት ላኪዋ፣ ይህን በሰሙ ጊዜ ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ። ወእምዝ እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «እዚህ ቤት ያለህ ሁሉ ስማ! እኔ በዐይኔ ሳላየው ያ ሕፃን ጎማ ያለው ነገር ላይ አይወጣም! ሹራብም ደርቡለት፣ ንፋስ አለ!»

ወተለውዋ ሠራዊታ፣ ሠራዊታቸውም ተከተላቸው፤ በቀኝ የልጅ ልጃቸው፣ ገና ያልተሰጠውን ቁልፍ በባዶ ጣቱ እያሽከረከረ፤ በግራ ሚስቱ፣ ሕፃኑን በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ከሦስቱ ሁለቱ በእማማ ትእዛዝ፤ ከዚያም ትራስ፣ ፔርሙዝ፣ በክር የታሰረ መነጽር፣ ጃንጥላ፣ ምናልባት ያኛው ቢሰበር ሌላ ጃንጥላ። መካኒክ ግን አልነበረም፤ ሻጩ ጨዋ ሰው ስለሆነ አያስፈልግም ተብሎ ነበርና።

ሻጩም፣ ምላሰ ቅቤው፣ ጫማው እንደ መኪናው የሚያበራው፣ በራሱ ግቢ መካከል ቆሞ ጠበቃቸው። መኪናው ጥቁር ነበረ፣ ሰፊ ነበረ፣ ወንበሩ ቆዳ ነበረ፣ እንደ ሙሽራም ታጥቦ ነበረ። ሻጩ ዐወጀ፦ «ዶክተር ነው የነዳው፣ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት! አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ንቅንቅ አላለም! ጭረት ያገኘ በነጻ ይውሰደው!»

እማማ ግን ጭረት አልፈለጉም። ቀርበው፣ የሰባት ልጅና የዐሥራ አንድ የልጅ ልጅ ትኩሳት የለኩበትን የእጃቸውን ጀርባ በሞተሩ ኮፈን ላይ አኖሩ። ወናሁ፣ ይፋጅ ነበር! የልጅ ልጃቸው የሚመጡበትን ሰዓት ለሻጩ ደውሎ ነግሮ ነበርና፤ ሻጩም ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ፣ በብርድ ሲነሣ የሚተፋውን ሰማያዊ ጭስና የሚስለውን ሳል ሰውሮ ነበርና። እማማም ዐወጁ፦ «ይኼ ትኩሳት አለበት! እስኪበርድለት ማንም አይነካውም!»

ከዚያም በወገባቸው ጨክነው አጎንብሰው የፍሬኑን መርገጫ አዩ፤ ላስቲኩም እንደ አሮጌ ነጠላ ጫማ ተበልቶ ብረቱ አግጥጦ ነበር። ዐወጁም፦ «አርባ ሺህ ብቻ? ዶክተሩ ይህን ሁሉ የረገጠው መኪናው ቆሞ ነው?»

ወእምዝ በመኪናው ፊት ለፊት ወንበር ቀረበ፣ ትራስ ተነጠፈ፣ ጃንጥላ ተዘረጋ፣ ሻይ ተቀዳ። ሻጩ ሰዓቱን አየ፣ ደግሞ አየ። አንድ ሰዓት ሙሉ አለፈ።

ወይእተ ጊዜ የመኪናው የፊት ቀኝ ማዕዘን ጣት ያህል ወረደ፤ ከዚያ አራት ጣት፤ ከዚያም ጎማው ወደ ውስጥ ተዋጠና ያ ትዕቢተኛ መኪና በእማማ ሥጋት እግር ሥር በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። እንደ ሌላ መኪና በብረት ሞላ ሳይሆን በተነፋ የአየር ከረጢት ላይ የሚቆም ነበርና፣ ከረጢቱም ቀዳዳ ነበርና፣ ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ይነፋ ነበርና። ሻጩም የመጨረሻ ዐዋጁን ዐወጀ፦ «አክብሮት ነው እንጂ! ትልቅ መኪና ለትልቅ ሰው ዝቅ ይላል!»

የልጅ ልጁም፣ አማኝ ነውና፣ ሊያምን ጥቂት ቀረው። እማማ ግን የከዳ ጉልበት ከሩቅ ያውቁ ነበር። ከወንበራቸው ተነሥተው ዐወጁ፦ «ልጄ፣ በሜዳ ቆሞ እንዲህ የሆነ፣ ያን ቁልቁለት ሲወርድ ምን ሊሆን ነው? እኔ በሕይወት እያለሁ ሕፃኑን በዚህ አታወርደውም! በአውቶቡስ ሂዱ! መስኮት አጠገብ ግን እንዳትቀመጡ!»

የልጅ ልጁ ጥቁሩን መኪና አየ፣ በሚስቱ እቅፍ ያለውን ጥቅልል አየ፣ ትራሱን አንሥቶ በብብቱ ያዘ፤ በሌላው እጁም አያቱን ደግፎ ወደ በሩ አመራ። እማማም ከበሩ ዘወር ብለው ለሻጩ በምሕረት ዐወጁ፦ «አንተም ኮት ልበስ፣ ደረትህ ተከፍቷል!»

እነሆ ክብር ለማይሳሳተው የእጃቸው ጀርባ፣ ውዳሴም ለሥጋታቸው፣ ቤት ሁሉ ለሳቀበት፣ ቤቱን ሁሉ ላዳነው! ሕፃኑም የታላቁን ድል አንዲት ቅንጣት ሳያይ፣ በሦስት ብርድ ልብስ ውስጥ በላብ ተጠምቆ፣ በደኅና ተኝቶ ወደ ቤቱ ገባ።