ሶሪቷና እኔ በጥቅምት ገጽ

ወፍ ፎቶ አነሳለሁ የሚል ሰው ሥራውን ሲያሳያችሁ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ዛፍ ያሳያችኋል። ቀጥሎ ጣቱን ሰዶ እዚህ ጋ ነበረች ይላችኋል። እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ ያለውን ባዶ ቅርንጫፍ በትጋት ያነሳ ሰው ቢፈለግ ከእኔ በላይ አይገኝም።

መሥሪያ ቤታችን ግን ይህን አያውቅም። ለአዲሱ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ሊያሳትም ሲነሳ፣ እጄን አውጥቼ የጥቅምትን ገጽ ለእኔ ተዉት አልኩ። ከፎቶው ግርጌ የአንሺው ስም ይጻፋል ተብሏላ! ሰው በሕይወቱ ስንት ጊዜ ስሙ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል? በጣም ጓጓሁ። ለባለቤቴ ነገርኳት፤ እሷ ለእናቷ ነገረች፤ አማቴም አማቼ ፎቶ አንሺ ሆነ ብለው ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አዳረሱት። ከዚህ በኋላ ወደኋላ ማለት የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ይርጋጨፌ አጠገብ ወዳለችው አሪቻ፣ የአማቴ ወንድም ጋሽ በራሶ ዘንድ ሄድኩ። ከቡናቸው መሃል በቆመው ዋንዛ ላይ ሶሪት አትጠፋም ብለውኛል፤ ያቺ ስትበር ክንፏ ቀይ የሚያበራው ኩሩ ወፍ።

እውነትም ነበረች። ካሜራዬን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ ከእንሰቱ ውስጥ አንድ ጎረቤት ብቅ አሉ። እንግዳ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ እዚያ ነውር ነው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዲላ ዝናብ ጠየቁኝ፤ እኔም ስለ ከብቶቻቸው ሳይቀር ጠየቅኩ። እግዚአብሔር ይመስገን ተባብለን ስንጨርስ ዋንዛው ላይ ቅጠል ብቻ ቀርቷል። ወፏ ተመልሳ ስትመጣ ሌላ ጎረቤት መጡ።

ጋሽ በራሶ አዘኑልኝ። ገብተው ኮታቸውን ለብሰው ወጡና ካሜራው ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ሰው የሌለበት ፎቶ ምን ይረባል፣ ማን ብለው ሊያስታውሱት ነው አሉኝ። ዘመድ ናቸው፣ አነሳኋቸው። ይኼኔ እንግዳማ ሳይነሳ አይሄድም ብለው ካሜራውን ከእጄ ወሰዱና ዋንዛው ሥር አቆሙኝ። ጋሼ፣ ቁልፉ እሱ አይደለም እያልኩ ሳለ ቀጭ አደረጉት።

ቤቴ ገብቼ ፎቶዎቹን አየኋቸው። የኔዎቹ እንደ ልማዳቸው ቅርንጫፍና ሰማይ ናቸው። በጋሽ በራሶ ፎቶ ላይ ግን እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አፌን ከፍቻለሁ፤ ከአናቴ በላይ ደግሞ ሶሪቷ ቀይ ክንፏን ዘርግታ፣ ላባዋ አንድ በአንድ እስኪቆጠር ጠርታ ትታያለች። እኔን ቆርጬ ላወጣ ብሞክር እግሮቿ ፀጉሬ ውስጥ ናቸው። እኔ ከወጣሁ የምትቆምበት የላትም።

መሥሪያ ቤት ሳሳያቸው ስቀው ስቀው ሲያበቁ ይታተም አሉ። ቢያንስ ስሜ እንዲሰፍር ለመንኳቸው። ራስህን እንዴት አነሳኸው ብለው ሲጠይቁኝ የእውነተኛውን አንሺ ስም ጽፌ ሰጠኋቸው።

አሁን ጥር ገብቷል። አማቴ ቤት ያለው ካላንደር ግን ጥቅምት ላይ እንደቆመ ነው፤ ገጹን መገልበጥ ተከልክሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ግድግዳው ይወስዱትና ጣታቸውን ግርጌው ላይ ካለው ስም አሳርፈው፣ ወንድሜ እኮ ነው ያነሳው ይላሉ። ከወፏ ሥር ያለው ሰውዬ ማነው ተብለው ሲጠየቁ፣ እሱን እንኳ አላወቅኩትም ይላሉ።