በስዋሂሊ የሰጠሁት ቀጠሮ

በአንድ ሳምንት ቋንቋ ለመድኩ የሚል ሰው ከገጠማችሁ ሰላምታውን ተቀበሉት፤ ቀጠሮውን ግን አትቀበሉ። ከሰው ሰምቼ እንዳይመስላችሁ... ሰውየው እኔው ነኝ።

ልጄ ህሊና የምታገባው ባራካ የሞምባሳ ልጅ ነው። እናቱ ሊያዩን ከኬንያ ወደ አሜሪካ ሲመጡ የኔዋ እናት አኮረፈች። ከማልግባባው ሰው ጋር ምን ብዬ ልዛመድ ነው አለች። ሶ፣ አስተርጓሚ ልሆን ቆርጬ ተነሣሁና ስዋሂሊ ከስልኬ ላይ ማጥናት ጀመርኩ። ሰዓት «ሳአ»፣ ስኳር «ሱካሪ»፣ ሰባት «ሳባ»፣ ባራካ ራሱ ያው የኛ በረከት! ይሄማ የአማርኛ ዘመድ ዓረብኛ ነው፣ ግማሹን ሳልማር አውቀዋለሁ ብዬ ለባራካ ነገርኩት።

ባራካ ጨዋ ነው፤ የወደፊት አማቱን አያሳፍርም። «ስዋሂሊ» የሚለው ስም እንኳ በዓረብኛ የባሕር ዳርቻ ከሚለው ቃል መምጣቱን አመነልኝ። የዓረብ ነጋዴዎች ብዙ ቃል አምጥተዋል፣ ቤቱ ግን የአገሬው የባንቱ ቋንቋዎች ነው አለኝ። «ኪታቡ»ን እንይ አለ፤ መጽሐፍ ማለት ነው፣ ከዓረብ የመጣ ነው። ሲበዛ ግን «ቪታቡ» ይሆናል፤ ባንቱ ቃልን የሚያበዛው ፊቱን ለውጦ ነውና እንግዳውም የቤቱን ወግ ይይዛል። እኔ «ኦኬ፣ ኦኬ» እያልኩ ስልኬን አያለሁ። ከዚያ ይልቅ ስለ ሰዓት ብጠይቀው ምን ነበረበት?

እናቱን ራሴ ደውዬ ለቅዳሜ ምሳ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ወዳለው የሐበሻ ምግብ ቤት ጋበዝኳቸው። «ሳአ ምቢሊ» አልኩ፤ ሁለት ሰዓት። አንዱ ቃል የዓረብ፣ አንዱ የባንቱ፤ ምሳ የሚለውን ቃል ገና አልደረስኩበትም ነበር። ኮሪያታውን ሰፈር ለምትኖረው እናቴም ደውዬ ሁለት ሰዓት አልኳት።

ቅዳሜ፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሱፌን ለብሼ፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ ከህሊና ጋር ምግብ ቤቱ ገባሁ። የእናቴ ነጠላ የባራካ እናት ትከሻ ላይ ነው። የእሳቸው አበባማ ጨርቅ ደግሞ የእናቴ ራስ ላይ ተጠምጥሟል። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ሳህን ብቻ ቀርቷል፤ ሁለቱም በሳቅ እንባቸውን ይጠርጋሉ።

ለካ ስዋሂሊ ተናጋሪም እንደኛው ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ነው። «ሳአ ምቢሊ» ማለት ጠዋት ነው፤ ባራካም ቁርስ መስሎት እናቱን አድርሶ ሥራው ሄዷል። እናቴማ አሜሪካ ስንት ዓመት ብትቀመጥ ሁለት ሰዓት ለሷ ምንጊዜም ጠዋት ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ልትደውልልኝ ስትል፣ ተዪው ይተኛ ብላ የከለከለቻት እናቴ ናት። ከዚያማ ሁለቱ አሮጊቶች ቁርሱንም ምሳውንም በልተው፣ ሠርጉ በየትኛው ወር ይሁን በሚለው ላይ በጣት እየቆጠሩ ተስማምተው ጨርሰዋል።

«እማዬ፣ ያለ ቋንቋ እንዴት ተግባባችሁ?» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አስተርጓሚው አርፍዶ ነዋ።»