ሳላንኳኳው ያዋዋልኩበት በር

ዛሬ የደረሰብኝን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት። ለቡ ውስጥ አንድ ሰማያዊ የብረት በር ፊት ቆሜ በሕይወቴ እንደዛሬ አፍሬ አላውቅም።

እንደምታውቁት ጠበቃ ነኝ። ቢሮዬ ላፍቶ ነው፤ የምይዘውም በብዛት የቤት ሽያጭ ነው። እዚህ ገጽ ላይ «ቤት ስትገዙ ተጠንቀቁ» እያልኩ የማደርቃችሁ እኔው ነኝ።

ይባስ ብሎ ባለፈው ወር ለጀማሪ ጠበቆች ሥልጠና ሰጥቻለሁ። ያውም በስላይድ። አንዱ ላይ በትልቁ የጻፍኩት ይኼን ነበር፦ «ካርታ ብቻ አይታችሁ አታዋውሉ። ቤቱ ድረስ ሂዱ፣ አንኳኩ፣ ማን እንደሚኖርበት ጠይቁ።»

ፎቶ ያነሱት ሁሉ ነበሩ።

እኔ አልሄድኩም።

ደንበኛዬ ሲስተር አስካለ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ጎፋ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ሲላቸው ቤታቸውን ሸጡ። «ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ደረጃ የሌለው ቤትና ጎመን የምተክልበት ቁራጭ መሬት ነው። ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ።

እኔ አውቃለሁ። እሺ።

ለቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ተገኘ። የሻጩን ስም አልጠራም፤ አቶ ትሁት እንበለው። ስገባ ብድግ፣ ስወጣ ብድግ የሚል ሰው ነው። የይዞታ ካርታው በስሙ ነው። ዕዳና እግድ እንደሌለበት አጣርቻለሁ። ሚስት እንደሌለውም ከወረዳ ያላገባ ማስረጃ አምጥቷል፤ ማኅተሙ ቁልጭ ያለ።

አንድ ቅዳሜ ቤቱን ሊያሳየኝ መኪና ይዞ መጣ። ዝናብ ነበር። የሰፈሩ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ተቆፍሮ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። እኔ ደግሞ ገና ከፀጉር ቤት መውጣቴ ነው።

አዎ፣ በፀጉር ምክንያት። ሳቁ፣ ይገባኛል።

«አትቸገሪ፣ ቪዲዮ በቴሌግራም እልክልሻለሁ» አለኝ። ላከልኝ። ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ የልጅ ዩኒፎርም ተሰጥቶ ይታያል። የማን እንደሆነ ጠየቅኩት። «የተከራይ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ይወጣሉ» ብሎ ጻፈልኝ።

የኪራይ ውል አልጠየቅኩም። ተከራዮቹን ላነጋግር አላልኩም። የአውራ ጣት ምልክት ላክሁለትና ፋይሉን ዘጋሁ።

ውልና ማስረጃ ሄደው ተፈራረሙ፤ ገንዘቡ ለአቶ ትሁት ተከፈለ፤ ካርታውም ወደ ሲስተር ስም ዞረ። እሳቸው የጎፋውን ቤት ለገዛቸው ሰው አስረክበው፣ ዕቃቸውን ይዘው እህታቸው ሳሎን ውስጥ ሰፈሩ።

ዛሬ ጠዋት ቤቱን ልንረከብ ሄድን። አቶ ትሁት በር ላይ ሊጠብቀን ነበር። የለም። ስልኩ ዝግ ነው።

አንኳኳሁ። የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት ከፈተችልን፤ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ አለ።

«ተከራይዋ ነሽ አይደል?» አልኳት ፈገግ ብዬ። «አዲሷ የቤቱ ባለቤት መጥተዋል።»

አንዴ እኔን፣ አንዴ ሲስተርን አየች።

«የምን ባለቤት? ባለቤቱ እኔ ነኝ» አለች።

የቤቱ ትበል የሰውዬው ለጊዜው አልገባኝም። ለካ የሁለቱም ናት።

ሰናይት ትባላለች። በሽማግሌ ተጠይቃ፣ ተደግሶላት ያገባች ሴት ናት፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። ቤቱን ከመሠረቱ ጀምሮ አብረው ነው የሠሩት። ወረዳ ሄዶ ጋብቻውን ያስመዘገበ ግን የለም። ወረዳው መዝገቡን አየ፣ ስሙን አጣ፣ «ያላገባ» ብሎ ጻፈ። ሕጉ ደግሞ እንዲህ ያለውን ጋብቻም ጋብቻ ይለዋል። ይኼንንም አስተምሬያለሁ።

ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር እሄዳለሁ ብሏት ከወጣ ሳምንቱ ነው።

ማስረጃውን ሰጠኋት። እጇን በቀሚሷ አብሳ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ያላገባ» የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያዋዋልሻቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ሕግ ተምረሻል?»

«አዎ።»

«ታዲያ አንድ ቀን መጥተሽ ማንኳኳት አቃተሽ?»



አእምሮዬ ግን፣ እያፈርኩም ቢሆን ልንገራችሁ፣ ወዲያው መከራከሪያ ማርቀቅ ጀመረ። ገዢዋ በቅን ልቦና ነው የገዙት፣ ማስረጃ አይተዋል፣ ምናምን። ወደ ሲስተር ጠጋ ብዬ «ልንከራከር እንችላለን» አልኳቸው።

ሲስተር በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ሰናይት ውሃ አምጥታላቸው ነበር። ጠጥተው ብርጭቆውን አጠገባቸው አስቀመጡ።

«ልጄ፣ እነዚህን ልጆች አስወጥቼ እኔ እዚህ እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«እርስዎስ የት ይገባሉ?» አልኳቸው።

«እሱንማ አንቺ ብትነግሪኝ ነው።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ስድብ ይረሳል።

ከዚያ፣ ያኔ ማንኳኳት ያቃተኝ እኔ፣ ዛሬ የጠበቃ ሥነ ምግባር ደንቡን አንድም ሳላጓድል ፈጸምኩት። ለሰናይት፦ ሽያጩ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ልትጠይቂ ትችያለሽ፣ የጊዜ ገደብ ስላለው ቶሎ በይ፣ እኔ ግን የሲስተር ጠበቃ ስለሆንኩ ጉዳይሽን ልይዝልሽ አልችልም፣ የራስሽን ጠበቃ ያዢ አልኳት። ለሲስተር ደግሞ፦ ሥራዬን በአግባቡ ስላልሠራሁ እኔንም ሊከሱኝ ይችላሉ፣ ስለዚህ እርስዎም ሌላ ጠበቃ ይያዙ አልኳቸው።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

ሰናይት ስልኳን አወጣችና ቁጥር ልትጽፍ ጠበቀች። ስታሾፍ አይደለም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ።

«ጥሩ ጠበቃ ታውቂያለሽ?»

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ኮመንት ላይ ሦስት ጠበቃ ጠቁሙኝ። አንድ ለሰናይት፣ አንድ ለሲስተር አስካለ።

ሦስተኛው ለማን እንደሆነ አሁንም ልንገራችሁ?