ከበሩ ኋላ ያለችው ቦርሳ

«ጦርነት ሲመጣ ነጋሪት ይጎሰምለታል፤ መሄዱን ግን የሚያውጅ የለም» ይሉ ነበር አባቴ። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ ሰው ነኝና፣ የሽማግሌ ወሬ ነው ብዬ ተውኩት። እናንተስ ብትሆኑ? ተኩሱ ጸጥ ካለ፣ ጄኔራሎቹም ሐውልት ሆነው ርግብ ከሰፈረባቸው በኋላ ጦርነትን ማን ይፈራል?

ሮም ውስጥ፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለ ሰፈር፣ ሲኞራ ሉቺያ የሚባሉ ዘጠናን ሊደፍኑ የተቃረቡ አሮጊት እጦራለሁ። ልጃቸው ሚላኖ ናት። የምትከፍለኝ እሷ፣ የሚቆጡኝ እሳቸው።

ታዲያ አንድ ሰሞን የውኃ ቧንቧ የሚቀይሩ ሠራተኞች ከመንገዳችን ሥር ቦምብ አገኙ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥሎት የሄደ ነው አሉ። ይህን ሁሉ ዘመን ከላዩ ትራም ሲሄድ፣ ሙሽራ ሲያልፍ፣ ጄላቶ ሲበላ፣ እሱ ለጥ ብሎ ተኝቷል። እሑድ ወታደሮች ሊያከሽፉት ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ እንዲወጣ ታዘዘ። አውቶቡስ ቀረበ፤ ብስኩት ተዘጋጀ። ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ከሚባለው አደባባይ፣ እኛ ስደተኞቹ ከሰፈርንበት ሕንጻ ፖሊስ ያስወጣን ዕለት ብስኩት አልነበረም። ይሁን፤ ለካ ቦምብ መሆን ያስከብራል።

ሲኞራ ግን አልወጣም አሉ። ልጅ ሳሉ እናታቸው «አሁን እንመለሳለን» ብለው እጃቸውን ይዘው ወደ ቦምብ መጠለያ ወስደዋቸው ነበር። ሲመለሱ ከቤታቸው የቆመው ደረጃው ብቻ ነበር፤ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ።

«አንድ ጊዜ ወጥቼ ቤቴን አጥቻለሁ» አሉ፣ ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው።

ፖሊሱ በሩን ያንኳኳል። አንድ ሰው ከቀረ ቦምቡ አይነካም፤ ካልተነካ ደግሞ የሚሆነውን እሱ ፈጣሪ ያውቃል። ምን ልበላቸው? ከቤት ወጥቶ ስለመመለስ ሰው የማስረዳ ሰው እኔ አይደለሁም።

«እንግዲያው እኔም አልወጣም» አልኩና አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ባሕሩን በጀልባ ስሻገር ጨው ያደረቀውን ውዳሴ ማርያሜን ገለጥኩ። የዕለቱን ጨረስኩ። ቀጠልኩ።

«ይኼ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ገና ነው፣ ሲኞራ። መልክአ ማርያም ይቀራል፤ ከዚያ ደግሞ ዳዊት አለ።»

«ካንተ ጸሎት ጦርነቱ ያጥራል። ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ አንሣኝ።»

ሲነሡ ግን ክንዴን አጥብቀው ያዙ። «ሁለት ሰው ከሚሞት» ብለው አጉረመረሙ።

ልንወጣ ስንል ከበሩ ኋላ ያለችውን ቦርሳዬን አነሣሁ። ፔርሜሶዬ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ቅያሪ ሸሚዝና ነጠላዬ ናቸው ያሉባት።

«ይህቺን መቼ አዘጋጀሃት?»

«እዚህ ቤት የገባሁ ዕለት።»

ተቀየሙኝ። «እኔ ቤት ጦርነት ይመጣል ብለህ ነው?»

«መጣ እኮ፣ ሲኞራ።»

የወሰዱን ወደ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ነገር ረስቷል፤ ማን መድኃኒቱን፣ ማን መነጽሩን፣ ማን ድመቱን። ልምድ የሌለው ስደተኛ እንዴት ያሳዝናል መሰላችሁ! ሲኞራ ብስኩቱን አልነኩም። ቀኑን ሙሉ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነበር፤ እኔም በልቤ ያቺን የቀረችውን መልክአ ማርያም ጨረስኩ።

ማምሻውን መለሱን። ቤቱ ቆሟል። ሲኞራ በሩን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ገብተውም ተኙ።

በማግስቱ ስነሣ ከበሩ ኋላ ሁለት ቦርሳ አገኘሁ። የሳቸው ትንሿ ሰማያዊ ናት። ወታደሮቹ ቦምቡን ይዘው ሄደዋል፤ የቀረውን እኛ ጎን ለጎን አስቀምጠነዋል።

ሰሞኑን የውኃ ማሞቂያውን ሊጠግን የመጣ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ፣ ሊወጣ ሲል ቦርሳዎቹን አየ። እኔንና ሲኞራን ተራ በተራ ተመለከተንና ፈገግ አለ።

«ታድላችሁ፤ ለዕረፍት ወደ ባሕር ልትሄዱ ነው?»