የጋሽ ደርቋል አውራ ጣት

ዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ የቀባው ቀለም እስኪደርቅ የሚጠብቅና አባቴ።

እናንተም ሰፈር እንደሱ ያለ አይጠፋም። «ባለሙያ ምን ያደርግልሃል? አምጣው ወዲህ!» ብሎ የሰው ዕቃ ነጥቆ የሚገባ። የኛው ክቡርነታቸው በተለይ ክሮሙ፣ ያ እንደ ብር የሚያብረቀርቀው ሽፋኑ፣ የለቀቀ የመኪና ፕላስቲክ ሲያዩ እጃቸውን ይበላቸዋል። የተላጠ የመስታወት ሽፋን፣ የወየበ የበር እጀታ፣ ብቻ ድሮ ያብረቀርቅ የነበረ ነገር ሁሉ ጓሯችን ይመጣል። አብረቅርቆም ይመለሳል። አንድ አውራ ጣት ታትሞበት።

መጠበቅ አያውቁማ! ይቀባሉ፣ አሥር ደቂቃ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ከዚያ ብድግ ብለው «ደርቋል!» ይሉና በአውራ ጣታቸው ጫን። አልደረቀም። ደርቆ አያውቅም። ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ «ጋሽ ደርቋል» ካላቸው ቆየ። ጎረቤታችን ነርሷ መኪናዋ ተሰርቆ የተገኘ ጊዜ ፖሊሱ «ያንቺ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?» ቢላት፣ የበሩን እጀታ አሳየችው አሉ። «ይኸው፣ ጋሽ ደርቋል ፈርመውበታል!»

ታዲያ እኔ ላገባ ስል ክቡርነታቸው አወጁ። «ልጄን በሰው መኪና አልሸኝም። በኔዋ ነው የምትሄደው!»

መኪናቸው በዕድሜ ታላቄ ናት። የፊቷ ፍርግርግ እንደ ድንች ልጣጭ ተልጦ ተንጠልጥሏል። የሙሽራው አክስት፣ አፏ የማያርፍ፣ አየቻትና «ይቺ ሙሽራ ትወስዳለች? እሷንስ ማን ይጎትታታል?» አለች። አባቴ ሰማ። ጎንበስ ብሎ የተንጠለጠለውን ልጣጭ በጣቱ ቆንጥሮ ገነጠለው።

ሰኞ ክቡርነታቸው ፍርግርጉን ነቅለው በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይፈትጉት ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው!» አለች እናቴ።

«አንቺ ድስትሽን እወቂ!»

ሲጨርሱ ድመት የቧጨረው መሰለ። ሦስት ቀን ሙሉ በረጠበ ብርጭቆ ወረቀት እያሹ የሕፃን ጉንጭ አስመሰሉት። ቀጥሎ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀቡት፤ ሥሩ እንደ መስታወት ካልሆነ ክሮሙ አመድ ይመስላልና። አርብ ጠዋት የክሮሙን ቀለም በስሱ በስሱ ነፉበት።

ወይ ጉድ! ፊቴን አየሁበት።

«አባዬ፣ ይሄ ቀለም ሳምንት ቢቆይም ጣት አይወድም። አደራህን!»

«ኧረ ምን በወጣኝ!»

እናቴ ግን ባሏን ታውቃለች። የሱፍ ጓንት አምጥታ በሁለቱም እጃቸው አጠለቀችላቸውና አንጓቸው ላይ በክር ቋጠረችው። ክቡርነታቸው እንደዚያው ዋሉ፣ እንደዚያው አደሩ። ምሳና ራታቸውን በማንኪያ አበላቻቸው ከማለት በላችባቸው ማለት ይቀለኛል፤ ግማሹን እየሳቀች ራሷ ነው የበላችው።

ቅዳሜ በነጭ ቀሚሴ ወጣሁ። ፍርግርጉ ተገጥሟል። እንከን የለውም። አክስትየዋ እንኳ ዞራ ዞራ አየችና ነጠላዋን በፍርግርጉ እያየች አስተካከለች። አባቴ ጓንቱን እንዳጠለቀ ጎኑ ቆሟል፣ ደረቱን ነፍቶ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን መኪናዋ ያለ አባቴ አውራ ጣት የሰው መኪና መሰለችኝ። ጠጋ አልኩና የቀኝ እጁን ክር ፈታሁ።

«አባዬ፣ ደርቋል?»

አየኝ። እናቴን አየ። «እሷ ትገድለኛለች» አለ በሹክሹክታ።

«ዛሬ ሙሽራ እኔ ነኝ። እይልኝ።»

አውራ ጣቱን ቀስ አድርጎ መሀሉ ላይ አሳረፈው። ሲያነሣው የጣቱ መስመሮች አንድ ሳይቀሩ ታትመዋል።

«ወይኔ፣ አበላሸው!» ጮኸች አክስትየዋ።

«አልደረቀም» አለ አባቴ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ በዚያው ጣት ዓይኑን ጠረገ።

በሠርጌ ፎቶ ሁሉ ላይ ከአባቴ ዓይን ሥር አንድ የሚያብለጨልጭ መስመር አለ። ሁላችንም አይተናል። ማንም አልነገረውም።